ለምን አልሰበሩትም?

(በደሴ ከተማ በአንድ የወጣቶች አዳራሽ የተደረገ ንግግር ነው፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንዴት ዋላችሁ? አሰላሙ አለይኩም። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች ወደፊት ኑ፣ እዚህ ወንበር አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ከያዘው እኔ አልሰማም። ድምፅ ማጉያውም የሚታመን አይመስለኝም።

አዘጋጆቹ «ስለ ውጭ አገር ጉዞህ አጫውተን» ሲሉኝ ሳቄ መጣ። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ያህል የዓለምን ካርታ ሰሌዳ ላይ ስስል ኖሬ ከአገር የወጣሁት አንዴ ብቻ ነው። በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ለስድስት ሳምንት ሥልጠና፣ ወደ ጆሃንስበርግ። እናንተ «ሳውዝ» የምትሉት አገር። ያውም ተዘርፌ ተመለስኩ። ሳቁ፣ ሳቁ፤ ባለቤቴም እስካሁን ትስቃለች።

የማወራችሁ ግን ስለተወሰደብኝ ስልክ አይደለም። ስልኩ ድሮም ባትሪው አልቆ ነበር። እዚያ አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ዓመታት አለፉ፤ ዛሬም መልስ የለኝም። እሱን ነው ይዤላችሁ የመጣሁት።

ከተማዋ ከፍታ ላይ ናት፤ 1,750 ሜትር ገደማ። የኛዋ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች «እኔን ብርድ ምን ያደርገኛል» ብዬ ነበር። የእነሱ ሰኔ ለካ የብርዱ ወቅት ነው። ማታ ማታ የጦሳን ውርጭ ያስናፍቃል።

ያረፍኩት ሮዝባንክ በሚባል ሰፈር፣ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ነው። በማግስቱ ጠዋት ወጥቼ መንገዱን ሳይ ቤት አይታየኝም። ግንብ ብቻ። ከግንቡ በላይ ሽቦ፣ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ። በየበሩ የጥበቃ ድርጅት ሰሌዳ ተለጥፏል፤ ደወሉ ከጮኸ መሣሪያ ታጥቀው እንደሚመጡ ያስጠነቅቃል። ዛፉ ያምራል፣ አስፋልቱ ንጹሕ ነው፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን የለም። የሚሄድ ካለም ወይ የቤት ሠራተኛ ነው፣ ወይ ዘበኛ ነው፣ ወይ እንደኔ ያለ ያልገባው እንግዳ።

በነገራችን ላይ የትራፊክ መብራትን «ሮቦት» ነው የሚሉት። «ሁለተኛው ሮቦት ጋ ወደ ግራ ታጠፍ» ብለውኝ ሰው የሚመስል ብረት ስፈልግ ግማሽ ሰዓት ጠፋሁ።

እዚያ አገር የተመዘገበው የግል ጥበቃ ሠራተኛ ከ500 ሺህ ይበልጣል። ፖሊሱ ግን 200 ሺህ አይሞላም። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከማረፊያው ዘበኛ ጋር መቀመጥ ጀመርኩ። ከሰሜን፣ ሊምፖፖ ከሚባል ክፍለ ሀገር የመጣ፣ በዕድሜ ከኔ ትንሽ የሚያንስ ሰው ነው። የጥበቃ ቤቷ ለአንድ ሰው እንኳ አትበቃም፤ እኔ በሩ ላይ በርጩማ አድርጌ እቀመጣለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይጠብቃል፤ ሲነጋ በታክሲ ተጋፍቶ አሌክሳንድራ ይገባል። እነሱ በአጭሩ «አሌክስ» ይሏታል።

አሌክስን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሳንድተን የሚባለው ሰፈር በአፍሪካ ሀብት ከተከማቸባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ባንኩ፣ የመስተዋቱ ፎቅ፣ የገበያ አዳራሹ። ከዚያ አንድ አውራ ጎዳና ትሻገራላችሁ። ወዲያ ማዶ አሌክስ ነው፤ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ፣ አንድ የውኃ ቧንቧ ለስንት አባወራ። ከፎቁ ሆነህ ቆርቆሮው ይታያል፣ ከቆርቆሮው ሆነህ ፎቁ ይታያል። ካርታ ሳስተምር «ጎረቤት» የሚለውን ቃል እንዴት ቀላል አድርጌ እንደምናገረው ያኔ አፈርኩ።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የአስተማሪ ነገር ሆኖብኝ ትንሽ ታሪክ ልጨምር። ከተማዋ በወርቅ የተፈጠረች ናት፤ ወርቁ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። በ1913 ሕግ ወጣ፤ ጥቁሩ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ መሬት ሊይዝ የሚችለው ከአገሩ 7 በመቶ ገደማ በሆነው ላይ ብቻ ነው ተባለ። በ1936 ወደ 13 በመቶ ግድም ከፍ አለ። በ1950 ደግሞ ሰው በቀለሙ ሰፈር ተለየለት። አሌክስ የተመሠረተችው በ1912፣ ከመጀመሪያው ሕግ አንድ ዓመት ቀድማ ስለሆነ ጥቁሮች በስማቸው ቦታ የገዙባት ብርቅ ሰፈር ነበረች። ማንዴላም ወጣት ሳለ እዚያ ክፍል ተከራይቶ ኖሯል። በ1994 ምርጫ ተደረገ፣ ሕጉ ሁሉ ቀርቶ ነበር። ካርታው ግን እንዳለ ነው። ዘበኛው ዛሬም ከአያቶቹ ሰፈር ተነስቶ ወደ ጌቶቹ ሰፈር ይሄዳል።

(ማንዴላን ካነሳሁ አይቀር፣ በኛ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ኮልፌ መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዱን ታውቃላችሁ። ከኢትዮጵያ በስጦታ ያገኘውን ሽጉጥ ሪቮንያ በሚባል ቦታ በአንድ እርሻ ግቢ ቀብሮት ነበር። ፈልገው አጡት። ሪቮንያ ዛሬ የሀብታም ሰፈር ነው። የኛ ሽጉጥ ከነዚያ ግንቦች ሥር አንዱ ጋ ተኝቷል ማለት ነው።)

ኢኮኖሚስቶች የገቢ ልዩነትን የሚለኩበት ቁጥር አላቸው። ዜሮ ከሆነ ሁሉም እኩል ነው፤ 100 ከሆነ አንዱ ሁሉን ጠቅልሎታል። የደቡብ አፍሪካ 63 አካባቢ ነው፤ በዓለም የመጀመሪያውን ረድፍ የያዘ። የኛ 35 ገደማ ነው። ደስ አይበላችሁ። እኛ ሀብታም ስለሆንን አይደለም፤ ድህነታችን ተቀራራቢ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ወንጀሉ። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2023 ባለው አንድ የሒሳብ ዓመት ከ27 ሺህ በላይ ሰው ተገድሏል። በቀን ከ70 በላይ ማለት ነው። ይህን የሰማ መንገደኛ ስለ ራሱ ኪስ ነው የሚያስበው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ዘበኛው ግን ምን አለኝ? «የምጠብቀው ቤት ስድስት መቆለፊያ አለው። የኔ ቤት አንድ አለው፤ እሱንም አንድ ልጅ በእርግጫ ይከፍተዋል።» ደሞዝ በተቀበለበት ቀን ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። ወር መጨረሻ ላይ ሌቦቹ ታክሲ መውረጃው ጋ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ማን መቼ እንደሚከፈለው ያውቃሉ። የሚገደለውም በብዛት የድሃ ሰፈር ሰው ነው። ሽቦ ያለው ሰው ይፈራል፣ ሽቦ የሌለው ይሞታል።

እኔ የተዘረፍኩት በሦስተኛው ሳምንት ነው። እንጀራ አማረኝ። የሐበሾቹ ሰፈር ጄፒ ይባላል፤ መሐል ከተማ፣ ፎቁ ሁሉ ሱቅ፣ ደረጃው ሁሉ ሱቅ፣ ቡና የሚቆላበት፣ ክትፎ የሚሸተትበት። በልቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ፣ ወደ ባቡሩ ጣቢያ በእግሬ ተነሳሁ። «ሲመሽ በእግርህ እንዳትሄድ» ተብዬ ነበር። ግን ገና በኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት እንኳ አልሆነም። ለካ በሰኔ ፀሐይዋ ቶሎ ትጠልቃለች፤ የጂኦግራፊ አስተማሪው ይህን ረሳ።

ሁለት ልጆች ናቸው። ከናንተ የሚያንሱ። አንዱ ከኋላ አንገቴን ያዘ፣ አንዱ ትንሽ ቢላ አሳየኝ። ስልኬን፣ ሰባት መቶ ራንድ፣ ቦርሳዬን። ቦርሳው ውስጥ የሥልጠናው ማስታወሻ ደብተር አለ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ደብተሬን!» ብዬ ጮህኩ። ሊሮጥ የነበረው ልጅ ቆመ። ቦርሳውን ከፈተ፣ ደብተሩን አውጥቶ ወረወረልኝ። «ሶሪ፣ ባባ» አለኝ። ባባ! ሸዋ በር ላይ መንገድ ሳቋርጥ ባጃጅ ነጂ «አባባ» እንደሚለኝ ዓይነት። ከዚያ ሮጠ።

ቢላውን ረስቼዋለሁ። ያቺን «ባባ» ግን አልረሳኋትም።

ተመልሼ ጄፒ ገባሁ። ብርድ ልብስና መጋረጃ የሚሸጥ አንድ የሆሳዕና ሰው ሻይ አዘዘልኝ። «የመጀመሪያህ ነው?» አለኝ። አዎ ስለው እንደ ሠርግ እንኳን ደስ አለህ አለኝ። እሱ ስንት ጊዜ እንደተዘረፈ መቁጠር ትቷል። አጠገቡ አንድ የኛ አገር ልጅ ነበር፤ ከሐይቅ ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ። አነጋገሩን ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ልዋሽ አልፈልግም። በሞያሌ ወጥቶ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን አቋርጦ የገባ ነው። ከከተማው ዳር ባለ የድሃ ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለው። ዳቦ፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ። የሚሸጠው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ነው። ብር በፍርግርጉ ይገባል፣ ዳቦ በፍርግርጉ ይወጣል። ሌሊት እዚያው ውስጥ ይተኛል። «አያ፣ የታሰረው ማን እንደሆነ አይለይም» አለኝ።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 በመጤዎች ላይ የተነሳውን ጥቃት ሰምታችሁ ይሆናል። 62 ሰው ሞቷል፤ የጀመረውም እዚያችው አሌክስ ነው። ከሟቾቹ ሲሶ ያህሉ ግን የዚያው አገር ዜጎች ነበሩ። ይህን ሳወራ «ጥቁር በጥቁር ላይ» እያሉ ራሳቸውን የሚነቀንቁ አሉ። እኔ ደግሞ እጠይቃለሁ፤ በአሌክስ ያለው ሰው ማንን ያገኛል? የሳንድተን ግንብ ውስጥ መግባት አይችልም። የሚያገኘው ፍርግርጉ ውስጥ ያለውን የሐይቁን ልጅ ነው።

ልጁን «ለምን አትወጣም?» አልኩት። ዕዳ አለበት። ግን ሌላም ነገር ነገረኝ። ከሱቁ ፊት ለፊት አንዲት አሮጊት አሉ፤ «ጎጎ» ይላቸዋል፣ እማማ እንደማለት። ሰፈሩ ሲተራመስ ቀድመው ይደውሉለታል። እሱም ወር እስኪሞላ ዱቄት በዱቤ ይሰጣቸዋል። «ቅሬዬ እሳቸው ናቸው» አለኝ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ከሐይቅ እስከ ጆሃንስበርግ ሄዶ ያገኘው ቅሬ አንድ አባል ብቻ ያለው ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ተበላሸሁ። መንገድ ላይ ጥቁር ወጣት ሲመጣ ወዲያ ማዶ እሻገር ጀመር። እኔ፣ ጥቁሩ! አንድ ቅዳሜ ሳንድተን ያለው የገበያ አዳራሽ ገባሁ፤ ጥበቃው ከሱቅ ሱቅ ይከተለኛል። ጃኬቴ አሮጌ ነው፣ ጫማዬ አቧራ ለብሷል። ጠዋት እኔ የፈራሁት ልጅ ከሰዓት በኋላ እኔው ሆንኩ። በግማሽ ቀን ውስጥ።

ማታ ለዘበኛው ይህን አጫወትኩት። ከዚያ ስለ ወሎ ማውራት ጀመርኩ። ኩራት ቢጤ ይዞኛል። «እኛ አገር እንዲህ አይደለም» አልኩት። ስለ 66ቱ ረሃብ ነገርኩት። እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ የማወራው እናቴ ስትተርከው የሰማሁትን ነው። ከገጠር የመጣው ሰው መንገድ ዳር ወድቆ ነበር። የእህል መጋዘን ደጃፍ ተቀምጠው የሞቱ ሰዎች አይታለች። ውስጥ እህል አለ። በሩን አልሰበሩም። እናቴ ይህን በተናገረች ቁጥር «ጨዋ ሕዝብ» ብላ ትጨርሳለች። እኔም ለተማሪዎቼ እንደዚያው ነበር የማስተምረው።

ዘበኛው ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ጠየቀኝ።

«ለምን አልሰበሩትም?»

በክፋት አይደለም የጠየቀኝ። ከልቡ መረዳት ፈልጎ ነው። አፌን ከፈትኩ፣ ቃል አልወጣም። ሃይማኖታቸው አልፈቀደም ልበል? ፈሩ ልበል? ባላባቱን፣ ዳኛውን፣ ነጭ ለባሹን? ወይስ ያ እህል የእነሱ ሊሆን እንደሚችል በሐሳባቸውም አልመጣም? አያቶቼን ጨዋ ያደረጋቸው ነገርና የገደላቸው ነገር አንድ ከሆነስ?

ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ያንን የወሎ ረሃብ አጥንቶታል። የደረሰበት ነገር ይከብዳል። በዚያን ጊዜ ደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚጫን እህል ነበር። ሰው የሞተው መግዣ አጥቶ ነው። የገበሬው ምርት ከሸፈ፣ ከብቱ አለቀ፤ እጁ ላይ የሚሸጥ ነገር የለም። ገበያው ደግሞ ሳንቲም የሌለውን ሰው አይሰማም። ሴን የጻፈውን ሳነብ የእናቴ መጋዘን ትዝ አለኝ። ቁልፉ ዓይኔ ላይ መጣ።

ስለዚህ ዛሬ «እኛ ድሃ ብንሆንም ሌባ አይደለንም» ብሎ የሚፎክር ሰው ሲያጋጥመኝ ፉከራው አይጥመኝም። ደግሞ «ድሃ ስለሆነ ሰረቀ» የሚለውም አይጥመኝም። ዘበኛው ድሃ ነው፣ አልሰረቀም። ጎጎ ድሃ ናቸው፣ ስልክ ይደውላሉ።

የኛ ሰው ሌብነትን እንዴት ይይዘው እንደነበር አዛውንቶቻችሁን ጠይቁ። አውጫጭኝ ይባላል። ከብት ከጠፋ ወይም ጎተራ ከተዘረፈ ያገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ካልተገኘ የጠፋውን ዋጋ አገሩ በሙሉ ተዋጥቶ ይከፍላል። ልብ በሉ፤ አንተ ምንም አልሰረቅክም፣ ግን ትከፍላለህ። አውጫጭኝን ላሞግስ አልመጣሁም። በእርሻ ወቅት ሰውን ቀናት ሙሉ ሜዳ ላይ ያውል ነበር፤ ቂም ያለው ንጹሑን ይጠቁምበት ነበር። ቢሆንም ከሥሩ ያለው ሐሳብ ይገርመኛል። የጎረቤቴ መዘረፍ የኔ ዕዳ ነው። አሁን ያንን የ500 ሺህ ዘበኛ ቁጥር አምጡት። እዚያ ሁሉም የየራሱን ሰላም በየወሩ ይገዛል። መግዛት ያልቻለው ታክሲ መውረጃው ላይ ይቆማል።

አይጠየፍ አዳራሽን ታውቃላችሁ፣ እዚሁ ነው ያለው። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት። ስሙ የወጣው ሀብታም ድሃ ሳይል ሁሉን ስለሚያስተናግድ ነው ይባላል። ስሙን እወደዋለሁ። ሆኖም ግብር የሚበላው በማዕረግ፣ በየተራ ነበር፤ የመጨረሻው ተራ ላይ ምን እንደሚተርፍ ገምቱ።

አሁን ስለ መውጣት ለምታስቡት አንድ ነገር ልበል፤ መኖራችሁን አውቃለሁ። በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ፣ ከዚያ ኦቦክ፣ ከዚያ ባሕሩ። «አትሂዱ» ብዬ አልሰብክም፤ የኔ ስብከት ማንንም አላስቀረም። ይህን ብቻ ልንገራችሁ፤ ወረቀት የሌለው መንገደኛ ለሌባ የተመቸ ነው። ቢዘረፍ ፖሊስ ጋ አይሄድም። የመን ላይ ሰው አግተው ወደ ቤተሰብ የሚያስደውሉት ይህን አውቀው ነው። ስልኩ ሲጮህ እናት ላሟን ትሸጣለች። እኔ ተዘርፌ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፣ ወረቀት ጻፉልኝ፣ ወንበርም ሰጡኝ። የሐይቁ ልጅ አንድም ጊዜ አልሄደም። ያንድ ወንዝ ልጆች ነን፤ ልዩነታችን ፓስፖርቴ ላይ የተመታች ማህተም ናት።

ከመጣሁ በኋላ ደሴን በሌላ ዓይን ነው የማያት። ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን አጥር እሾህና ቁልቋል ነበር፤ ዶሮ ለማስቀረት። ቀጥሎ ቆርቆሮ መጣ። ቀጥሎ ግንብ፣ ከላዩ የጠርሙስ ስባሪ። አሁን በየሰፈሩ ያ ሽቦ ብቅ ብቅ እያለ ነው። ስልክ ይነጠቃል፣ በር ይሰበራል፣ አልክድም። ቅሬው አለ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይቀብራል። ግን የቅሬው ስብሰባ ላይ ባለፎቁ ልጁን ልኮ መዋጮውን ያስቆጥራል፤ ራሱ አይመጣም። ከኔ ሰፈር ሦስት ሰዎች እንደዚያ ናቸው። አራተኛው ለመሆን እየተንደረደርኩ እንደሆነ ባለቤቴ ነግራኛለች።

ምክንያቱም ሽቦውን ገዝቻለሁ። አዎ። ባለፈው ወር የጎረቤቴን ቴሌቪዥን ሲወስዱት ነው የገዛሁት። ሁለት ጥቅል፣ ጓዳ ውስጥ ከከሰሉ ጆንያ ጎን ተቀምጧል። ትናንት ኤሌክትሪክ የሚሠራው ልጅ ደወለልኝ፤ ተማሪዬ ነበር። «ቲቸር፣ ቅዳሜ መጥቼ ልዘርጋው?» አለኝ። «እደውልልሃለሁ» አልኩት። እስካሁን አልደወልኩለትም።

ዝናቡ እየመጣ ነው መሰለኝ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። አንተ፣ በሩ ጋ የቆምከው፣ ጀምር።